ድስቱን የከሰስኩ ጊዜ

ቁጣን ከእናቴ ወርሻለሁ። እሷ ስትቆጣ ድስት ትፈትጋለች፤ እኔ ስቆጣ አፌን እከፍታለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው። ባለፈው ሐምሌ አባቴን በረሃብ ሊገድለው የነበረውም የኔው አፍ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስላፈርኩ ብቻ አይደለም። ውለታ የዋሉልኝ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ሳላነሣ ብቀር ያንቀኛል።

እኔ ብሩክታይት ነኝ፤ ቢቸና ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባቴ ወልደ ኪዳን ሞጣ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መርሳት የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም፣ ቀጥሎ ወደ ቤት የሚያስገባውን ቅያስ ረሳ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ ጠፋ። እናቴ የሺእመቤት ከተማውን ስታስስ ቆይታ ድሮ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ ይዞ አገኘችው። ልጆቹ ጸጥ ብለው ይገለብጣሉ። የክፍሉ አስተማሪ ደግሞ ውጭ በር ላይ ቆሟል። «ምነው ዝም አልካቸው?» ብትለው፣ «እኔንም እኮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ‹ውጣ› ሲሉኝ ወጣሁ» አላት። በስልክ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ «አልዛይመር ይመስላል» አለኝ። የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ፣ ቀስ እያለ እንደሚሄድ፣ ታማሚው የለመደው ሰውና የለመደው ነገር እንዳይለየው አስረዳኝ። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ብቻዋን እንዳትንገላታ ብዬ ሁለቱንም ቢቸና ወደተከራየሁት ቤት አመጣኋቸው። አከራዬ እትዬ ማናዬ «የናንተ እንግዳ የኔም እንግዳ ነው» ብለው ለአባቴ መስኮት ዳር የሚቀመጥበት ወንበር አመጡለት። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሰው በገባ ቁጥር «ተቀመጡ!» ይላል። ክፍል የገባ ይመስለዋል። እኛም እንቀመጣለን።

ምግብ የሚበላው ግን ከእናቴ እጅ ብቻ ነበር። እንጀራ መቁረስ ረስቷል፣ ማንኪያ ሲሰጡት ያገላብጠዋል። እሷ ስታጎርሰው ግን አፉን ይከፍታል። እኔ ልሞክር ብዬ እጄን ስዘረጋ ፊቱን ያዞራል። ይህ ነገር ትንሽ ያስቀናኝ ነበር፤ መናገር ካለብኝ እሱንም ልናገር።

እናቴ ከሞጣ ስትመጣ በዘንቢል ብረት ድስቷን ይዛ መጥታለች። ድስቱ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ከውዳቂ አሉሚኒየም አቅልጠው ከሠሯቸው አንዱ ነው፤ ለጎጆ መውጫዋ የተገዛላት። በአመድና በአሸዋ ትፈትገዋለች፤ ፊት ያሳያል። ከመፈተግ ብዛት ቂጡ ሳስቷል። ጎረቤት ገብቶ ድስቷ ጠቁሮ ቢያይባት የምታፍረውን ያህል ቀሚሷ ቢቀደድ አታፍርም።

እኔ በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። ስለ በሽታው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አብዛኛው ስለ ነርቭና ስለ ፕሮቲን ነው፤ ባዮሎጂ ነው፤ ከእጄ ያመልጠኛል። አንድ ቀን ግን የማውቃቸውን ስሞች አየሁ፤ ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ አሉሚኒየም። በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር እነዚህ ነገሮች ያለቦታቸው ተጠራቅመው የተገኙበት ጊዜ አለ ይላል። አንድ የቆየ ጽሑፍ ጣቱን የቀሰረው አሉሚኒየም ላይ ነበር። ደስ አለኝ። ክፉ መስሎ ይታይ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ደስ አለኝ። አባቴን የሚበላው ነገር ስም የሌለው ጭጋግ ነበር፤ አሁን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በየዓመቱ የምጽፈው ነገር ሆነ። «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «አልተረጋገጠም» የሚሉት ቃላት ጽሑፉ ውስጥ ነበሩ። አንብቤ አልፌያቸዋለሁ። እኔ የምፈልገው ተከሳሽ ነበር።

ዐይኔ ድስቱ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ድስቱን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሄድኩ፤ ክረምት ቢሆንም ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እናቴ «ምን ልታደርጊበት?» አለችኝ፤ «ትንሽ ልለካበት» አልኳት። ቲማቲምና ሎሚ ጨምሬ አንድ ሰዓት ያህል አፈላሁበት፤ አጠለልኩት፤ ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አደረግሁበት። ነጭ ነገር ደፈረሰ። ከዚህ በኋላ የሚደረገውን ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ጠብታውን መጨመርና መጨመር፣ ነጩ ነገር መልሶ መሟሟት አለመሟሟቱን ማየት ነው። ከሟሟ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ካልሟሟ ከውሃው የመጣ ካልሲየም ሊሆን ይችላል። ይህችን አንድ እርምጃ ለዘለለ ተማሪ ስንት ጊዜ ነጥብ ቀንሻለሁ! እኔ ግን አልጨመርኩም። የፈለግሁትን አይቼ ነበርና ቴስት ቲዩቡን በእጄ እንደያዝኩ፣ ድስቱን በብብቴ ወሽቄ ወደ ቤት በረርኩ።

ምሳ ሰዓት ነበር። እናቴ ከእትዬ ማናዬ በተዋሰችው ድስት ሽሮ ሠርታ አባቴን ታጎርሰዋለች። እትዬ ማናዬም አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ተቀመጡ!» አለ አባቴ።

አልተቀመጥኩም። ቲዩቡን እናቴ ፊት አወዛወዝኩት።

«ይኸውልሽ! አባዬን የጨረሰው ይኼ ነው። ከድስትሽ የወጣ ነው። ስትፈትጊ ስትፈትጊ አሉሚኒየሙን አንጎሉ ውስጥ አስገባሽው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጅሽ ስትመርዢው ኖርሽ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእናቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። አባቴ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እሷ ጉርሻውን መልሳ መሶቡ ላይ አስቀመጠችና እጇን አየችው፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን። ተነሥታ ወጥታ ታጠበች። ስትመለስ መሶቡን ከደነችው። እኔ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። ማታውኑ ድስቱን ቁራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ሰጠሁት። ዋጋ እንኳ አልጠየቅሁም።

ጠዋት ስነሣ እናቴ የለችም። መልእክቷን የነገሩኝ እትዬ ማናዬ ናቸው። «ከእጄ ይራቁ፤ ምናልባት ይሻላቸው ይሆናል» ብላ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሞጣ ሄዳለች። ስልኳን ዘግታለች። እትዬ ማናዬ ይህን ነግረውኝ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ልጄ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው?» አሉ።

አባቴ በዚያ ቀን አልበላም። በማግስቱም አልበላም። ሽሮ አቀረብኩ፣ አጥሚት አቀረብኩ፣ እርጎ አቀረብኩ፤ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። እትዬ ማናዬ ሞከሩ፤ ለእሳቸው ሁለት ጉንጭ ውሃ ጠጣላቸው። በግድ ጣቴን ልከት ብል ነከሰኝ። አባቴ፣ በሕይወቱ ሙሉ ተማሪ መትቶ የማያውቀው አባቴ፣ ነከሰኝ። በሦስተኛው ቀን ከወንበሩ ሲነሣ ጉልበቱ ከዳው። በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰድኩት።

ያየን የአእምሮ ጤና ባለሙያው እዮብ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ተመድቦ መጥቶ ቢቸና አራት ዓመት ሆኖታል። የምሳ ሰዓቱ ነበር፤ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል አባቴን አይቶ ጃኬቱን መልሶ ሰቀለ። ለዚያች ጃኬት እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ለአባቴ ፈሳሽ በደም ሥር እየሰጡት ሳለ፣ «ምን ተፈጠረ?» አለኝ። ነገርኩት። ያገኘሁትንም ነገርኩት፤ እንዲያውም ስነግረው ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

እዮብ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ቲቸር፣ የአሉሚኒየሙ ጥያቄ አዲስ አይደለም» አለ። «ብዙ ዘመን ተጠንቷል። ከድስት የመጣ አሉሚኒየም ይህን በሽታ ያመጣል የሚል ማረጋገጫ ግን አልተገኘም። አሁን ተመራማሪዎቹ ይበልጥ የሚያዩት ብረትን፣ መዳብንና ዚንክን ነው። እነሱ ደግሞ አንቺም አንጎል ውስጥ አሉ። ባይኖሩ አታስቢም ነበር።»

«ታዲያ በበሽተኞቹ ላይ ለምን ይከማቻሉ?»

«እሱን ነው ገና ያላወቁት። ብረቱ ነው ሕዋሱን የሚጎዳው ወይስ ሕዋሱ ሲጎዳ ነው ብረቱ ቦታውን የሚስተው? ቤት ተቃጥሎ ስትደርሺ ባልዲ የያዘ ሰው ብታገኚ እሱ ነው ያቃጠለው ትያለሽ? ብረቱን የሚያስወጣ መድኃኒት ተሞክሯል። በሽተኞቹን አልረዳቸውም። በአንድ ጥናት ላይ እንዲያውም የወሰዱት ሰዎች ይበልጥ ባሰባቸው።»

«ግን እኔ ሞክሬ አይቻለሁ፤ ነጭ ነገር...»

«እሺ፣ ትርፍ ጨምረሽ ሟሟ?»

ኬሚስትሪ እንደሚያውቅ አላሰብኩም ነበር። ፊቴ ጋለ። «አልጨመርኩም» አልኩ። የቢቸና ውሃ በፈላበት ማንቆርቆሪያ ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ያ ነጭ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቅ ነበር።

እዮብ አልሣቀብኝም። «አባትሽ የሚያውቁት እጅ አንድ ነው» አለ። «ፊትና ስም ይጠፋባቸዋል፤ የለመዱት እጅ ግን ይቆያል። ያንን እጅ አምጪላቸው። ይህ ፈሳሽ ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ አይመግባቸውም።»

ከዚያ ሳልወጣ ስልኬ ጠራ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ ሞጣ ያሉት የቤተሰባችን የንስሐ አባት። እናቴን ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ያውቋታል፣ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። «ነገ ጠዋት ድረሽ» አሉኝ። «እናቴ ደኅና ናት?» ስላቸው «ደርሰሽ ታያለሽ» ብለው ዘጉት።

ማታ አባቴን ከሐኪም ቤት ወደ ቤት መለስኩትና ለእትዬ ማናዬ አደራ ሰጥቼ በማለዳ ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰበት። ዝናብ ውስጥ ቆመን ሲቀይሩ፣ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ጥላቸውን ከፍለው አስጠለሉኝ። ስለማለቅስ ነው መሰለኝ ምንም አልጠየቁኝም።

ቄስ ሀብተ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከትልቁ ዝግባ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። እናቴ ፈንጠር ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው። መስቀል ተሳለምኩ።

«የንስሐ ልጄ ለእኔ የነገረችኝን ለአንቺ አልነግርሽም» አሉ። «አንቺ ግን ምን እንደተናገርሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። እናቴ አንገቷን አላቀናችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ የሄደችው ባሏን ገድላለሁ ብላ ነው፤ ለነፍሰ ገዳይ የሚሰጠውን ቀኖና ልትቀበል ነው። እኔ ከስልክ የለቀምኩትን «ምናልባት» እሷ መቅደስ ድረስ ተሸክማው መጥታለች።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ይህ ብረት በሕመምተኞች አንጎል መገኘቱ የታወቀ ነው?»

«ነው፣ አባቴ።»

«ሕመሙን ያመጣው ብረቱ ነው ወይስ ብረቱን የሰበሰበው ሕመሙ?»

እዮብ የጠየቀውን ነው የጠየቁኝ፤ ተነጋግረው አያውቁም። «አይታወቅም» አልኩ።

«ከእናትሽ ድስት ስለመምጣቱስ?»

«አልተረጋገጠም።»

«ሞክሬያለሁ ብለሻል። ሙከራሽን ፈጽመሽዋል?»

«አልፈጸምኩም።»

«ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «የሺእመቤት፣ ሰማሽ? ምስክርሽ አላየሁም እያለች ነው። ባልተመሰከረ ነገር ቀኖና አልሰጥም። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

እናቴ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። ተቆጣች እንጂ! «አይታወቅም ማለት እኮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው» አለች። «ቢሆንስ? ከእጄ ቢሆንስ? እርስዎ ካልፈቱኝ ማን ይፈታኛል?»

ይህን ጥያቄ የትኛውም መጽሐፍ አይመልሰውም፤ ልክ ነበረች። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ጢማቸውን ደባበሱ።

«ከዚያ ድስት አብልጦ የበላ ማነው?» አሏት።

«እሳቸው ይቀድማሉ፣ ልጄ ትከተላለች፤ እኔ ጥራጊውን ነው የምበላው።»

«ጥራጊው የሚገኘው የት ነው?»

«ቂጡ ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ከብረቱ አብልጠሽ የበላሽ አንቺ ነሽ። ልጅሽ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወለቀችበትን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«ጥቅምት ሃያ ሰባት፤ ቅዳሜ ነበር።»

«በይ እንግዲህ» አሉ።

አንድ ሰው ማስታወሱ ምንም እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ፤ ተማሪ ይህን ማስረጃ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ እሰርዘው ነበር። ግን አፌን ዘጋሁ። አፍ መዝጋት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀኖናው ያንቺ ነው። የእናትሽን እጅ ያቆሸሸው አፍሽ ነው፤ አፍሽ ያንጻው። አርባ ቀን ከገዛ እጅሽ አትጎርሺም። እናትሽ ያጎረሰችሽን ብቻ ትበያለሽ፤ በመረጠችው ድስት የሠራችውን፣ ምንም ሳትለኪ። መጀመሪያ ግን ውደቂላት።»

ጭቃው ላይ ወድቄ የእናቴን ጉልበት ያዝኩ። «እማ፣ ዋሸሁብሽ» አልኳት። «ተናደድኩ። አባዬ እየሄደ ነው፤ የምይዘው ነገር አጣሁ፤ አንቺን ያዝኩ። ይቅር በዪኝ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ያልነገርኳትን ነገርኳት። «ካንቺ ወዲህ እህል አልቀመሰም» አልኩ።

ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደቀ። «ምን?»

«አፉን አልከፍት አለ። ሐኪም ቤት ወስጄ ፈሳሽ...»

«አራት ቀን?» አለች ብድግ ብላ። «አራት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር? ሰው በስልክ ኬሚስትሪ ሲያነብ አባቱን ያስርባል? ተነሽ! ጭቃ ላይ ምን ይጎልትሻል!» ቄሱን እንኳ ሳትሰናበት ወደ በሩ ገሰገሰች፤ ከመንገድ ተመልሳ መስቀል ተሳለመችና እንደገና ገሰገሰች። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሩጪ፣ እንዳትቀድምሽ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ሮጥኩ። ያን ቀን እሳቸው ባይጠሩኝ ኖሮ እናቴ ሞጣ፣ አባቴ ቢቸና፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ይሞቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ወርቅ አላናገረችኝም። ከዚያ በኋላ ትከሻዋን አስጠጋችልኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ፣ ያለ ቁጣ። «ድስቴን ለቁራሌው ሰጠሽው አይደል?»

«ሰጠሁት።»

«ጥሩ ዋጋ አስከፈልሽው?»

«በነጻ ነው።»

«ኧረ በማርያም!» አለች። ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው ያበሳጫት።

ቢቸና ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቴ መስኮት ዳር ወንበሩ ላይ ነው። ጉንጩ ገብቷል። እዮብ ከሥራ ሲወጣ ለማየት ብሎ መጥቶ ጠባቡ መደብ ላይ ከእትዬ ማናዬ ጋር ተቀምጧል። ማንም አልጠራውም፤ ቤታችንን ጠይቆ ጠይቆ ነው የመጣው።

«ተቀመጡ!» አለ አባቴ። ከዚያ እናቴን ትኩር ብሎ አያትና «እርስዎን አላውቅዎትም» አለ።

እናቴ ደረቷን ያዘች። በአራት ቀን ፊቷ ጠፍቶበታል። ያን አራት ቀን ያጠፋሁባት እኔ መሆኔን እያሰብኩ ዐይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን «እንግዳ ነኝ» አለችና ወደ ማድቤት ገባች።

እትዬ ማናዬ ያላቸው እንደ እናቴ ድስት ያለ ብረት ድስት ብቻ ነው። እናቴ ፊቱ ቆመች፤ እጇን ዘርግታ መለሰች። እኔ ድስቱን አንሥቼ እሳቱ ላይ ጣድኩት። ዘይትና ሽንኩርት እስክጨምር ታየኝ ነበር፤ ከዚያ ማማሰያውን ነጠቀችኝ። «ሽሮ በዚህ አያያዝ ይጓጉላል» አለች። ስትሰድበኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጉርሻውን ጠቅልላ ዘረጋችለት። አባቴ ፊቷን አላየም። እጇን አየ፤ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አፉን ከፈተ።

ዋጠው። ሁለተኛውን ዋጠ። እትዬ ማናዬ እልልታቸውን በመዳፋቸው አፈኑት፤ እዮብ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለእኔም ቀኖናዬን አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝና ወደ እሱ ተመለሰች። ቀስ ብላ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገች፣ ሳህኑ እስኪጠራ አበላችው።

ሲጨርስ አባቴ አፉን ጠረገ። የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ተነሣ፤ እንግዳ ሆኖ የበላ ሰው እንደሚያደርገው ልብሱን አስተካክሎ እጅ ነሳት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። እጅዎን ይባርከው።»

«አሜን» አለች እናቴ።

«ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«መልእክት ይላኩልኝ። ሞጣ ሚስት አለችኝ፤ የሺእመቤት ትባላለች። ልክ እንደርስዎ ነው የምታበላኝ። አርባ ዓመት ስታበላኝ አንድ ቀን ‹እጅሽ ይባረክ› ሳልላት ወጥቼ መጣሁ። እግዜር ይስጥሽ ብሏል ይበሉልኝ። እንዳይረሱ።»

እናቴ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«ደርሷታል» አለችው። «ገና አሁን ደረሳት።»